የመካከለኛው ዘመን ድሃ በምን ይጫወት ነበር? አንድ ጥያቄና 38 መልሶቹ

ይህን ጥያቄ እዚህ መድረክ ላይ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ክሩ ስለረዘመ፣ አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይቸገር መጀመሪያ የጻፍኩትን መልሼ አስቀምጣለሁ፤ ከዚያ የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው እተርካለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ይህን በጊዜው ባለመጻፌ 2ኛውና 3ኛው መልስ በዚሁ ጉዳይ አልቀዋል።

የመነሻ ጽሑፍ

የአሥር ዓመት ልጄ ስለ አውሮፓ መካከለኛ ዘመን ስታነብ ቆይታ ቀና አለችና፣ የገበሬዎቹ ልጆች በምን ይጫወቱ እንደነበር ጠየቀችኝ። መጽሐፏ ውስጥ ግንብ አለ፣ ፈረሰኛ አለ፣ ወረርሽኝ አለ፤ ጨዋታ የለም። እኔም ሳላስብበት፣ ያኔ ድሃ ለጨዋታ ጊዜ አልነበረውም አልኳት። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ አፈርኩ። እኔ ያደግኩት ከብት በማግድበት ሜዳ ነው። በታኅሣሥ ገና እንጫወታለን፣ ቀን ዛፍ ጥላ ሥር ቅልብልቦሽ እንቀልባለን፣ ማታ እሳት ዳር እንቆቅልሽ እንጠያየቃለን። ድህነት አንድም ቀን ከጨዋታ አላገደንም። ታዲያ የእንግሊዙን የገበሬ ልጅ ጨዋታውን ለምን ነጠቅኩት?

ከዚያ ቀን ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ሰነበትኩ። ተራው ሰው ስለ ራሱ ጨዋታ የጻፈው ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ አብዛኛው መጻፍ አይችልም ነበር። የጻፉለት ከልካዮቹ ናቸው። በ1314 የለንደን ከንቲባ ኒኮላስ ፋርንዶን፣ ሰው በትልልቅ ኳስ እየተጋፋ ከተማዋን አወካት ብሎ ጨዋታውን በእስር ቅጣት ከለከለ። በ1363 ንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ ለየአውራጃው ሹማምንት ትእዛዝ ላከ፤ ጤነኛ ወንድ ሁሉ በበዓል ቀን ቀስት እንዲለማመድ፣ ድንጋይ፣ እንጨትና ብረት መወርወር፣ የእጅ ኳስ፣ የእግር ኳስ፣ የዱላ ኳስ፣ ካምቡካ የሚሉት ጨዋታና የአውራ ዶሮ ውጊያ እንዲቀር። የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ ሊያጠፋቸው ሲል አንድ በአንድ ቆጠራቸው፤ ስለቆጠራቸውም ዛሬ ስማቸውን እናውቃለን። እኔ የምለው ይህን ነው፦ የድሃው ደስታ ተመዝግቦ የቆየው በክልከላ አዋጅ ውስጥ ነው። ከአዋጅ ውጪ የቀረ ምን አለ? የምታውቁ ጨምሩበት።

መልሶቹ

1ኛውን የጻፉት በጡረታ ላይ ያሉ የታሪክ መምህር ናቸው። በትሕትና ጀምረው ሐሳቤን አጠነከሩት። የኤድዋርድ የልጅ ልጅ ሪቻርድ 2ኛ በ1388 ክልከላውን እንደገና ማውጣቱን፣ በዚያኛው ሕግ ላይ አገልጋዮችና የጉልበት ሠራተኞች ተለይተው መጠቀሳቸውን አስረዱ። በስኮትላንድም በ1424 እግር ኳስ፣ በ1457 ደግሞ እግር ኳስና ጎልፍ አብረው ተከልክለዋል። አያት የከለከለውን የልጅ ልጅ ደግሞ ከከለከለ፣ በመሀሉ ሰው ጨዋታውን አልተወም ማለት ነው የሚል ነው ነጥባቸው። ምክንያቱንም አልሸሸጉም። እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር የረጅም ዘመን ጦርነት ላይ ነበረች፤ በ1346 ክሬሲ ላይ ያሸነፈችው በቀስተኞቿ ነው። ቀስተኛ ደግሞ በአንድ ቀን አይሠራም። ንጉሡ ዓይኑን የጣለው ሰው ኳስ በሚያሳድድባቸው በእነዚያው የበዓል ሰዓቶች ላይ ነበር።

4ኛው መልስ ከሁሉም ረጅሙ ነው፤ እኔም በጣም የወደድኩት እሱን ነው። የምትጽፈው በለንደን የምትኖር እናት ናት። የለንደን ሙዚየም ከቀድሞ ሕንፃው ከመውጣቱ በፊት ልጆቿን ይዛ ሄዳ፣ በመስታወት ውስጥ የተቀመጠ የእንስሳ ቅልጥም አይታለች። ቅልጥሙ በአንድ ጎኑ ጠፍጣፋና እንደ ብርጭቆ የተወለወለ ነበር፤ የወለወለው ግን ሰው አይደለም፣ በረዶው ነው። ቤት ስትመለስ ስለ እሱ ፈልጋ ያገኘችው የዊሊያም ፊትስቲቨንን ጽሑፍ ነው። ይህ ሰው የሊቀ ጳጳሱ ቶማስ ቤኬት ጸሐፊ ነበር፤ በ1170ዎቹ ስለ ከተማው ሲጽፍ ለጨዋታው ሰፊ ቦታ ሰጠ። ከከተማው ቅጥር በስተሰሜን ያለው ረግረግ ሲረጋ ወጣቱ ይወጣል። አንዱ ተንደርድሮ በጎኑ ይንሸራተታል። ሌላው የወፍጮ ድንጋይ በሚያህል የበረዶ ቁራጭ ላይ ይቀመጥና ጓደኞቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይጎትቱታል፤ አንዱ ሲያዳልጠው ሁሉም በግንባራቸው ይደፋሉ። ጨዋታውን ጠንቅቀው የሚያውቁት ደግሞ የእንስሳ ቅልጥም ከእግራቸው በታች ያስራሉ፣ ጫፉ ብረት የሆነ ዘንግ ይይዛሉ፣ በረዶውን እየወጉ እንደ ወፍ ይበራሉ። አንዳንዴ ሁለቱ ከሩቅ ተነሥተው ዘንጋቸውን አንሥተው ይገናኛሉ። የወደቀው ራሱ ይላጣል፣ ክንዱ ወይም እግሩ ይሰበራል። በበጋም ጨዋታ አለ። በትንሣኤ ሰሞን በቴምዝ ወንዝ መሀል ምሰሶ ላይ ጋሻ ይሰቀላል፤ ወጣቱ በጀልባ ጫፍ ቆሞ ጦሩን ጋሻው ላይ ይሰብራል፤ ጦሩ ካልተሰበረ ራሱ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ በድልድዩ ላይ የቆመው ሕዝብ ይስቃል። ይህች እናት መልሷን የዘጋችው ፊትስቲቨን ሊከለክል ሳይሆን ከተማውን ወዶ የጻፈ መሆኑን በማስታወስ ነው፤ ስለዚህ ድምዳሜዬ ገና ከመነሻው ጎደሎ ነው አለችኝ። እውነቷን ነው።

5ኛው ከስቶክሆልም ነው። እንዲህ ያለ የአጥንት መንሸራተቻ በስዊድን በቢርካ መገኘቱን ጠቀሰ፤ ለንደንን ይቀድማል የሚል ኩራት ነበረበት። 6ኛው እሱንም 4ኛዋንም አረመ፦ አጥንት ስለት ስለሌለው በረዶ አይቆርጥም፣ እንደ ዛሬው በእግር እየገፉ መሄድ አይቻልም። እግር አይነሣም፤ ሥራውን የሚሠራው ዘንጉ ነው። አጭር ግን ጠቃሚ እርማት ነበር።

7ኛው ዲያቆን ነው። 4ኛዋ ጸሐፊ ክረምት ሲወጣ ባለ አንድ ማክሰኞ ቀን ይደረጋል ያለችውን ጨዋታ ስሙን ሰጠው፦ ቅበላ ነው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ያለው ቀን ማለት ነው። ፊትስቲቨን በጻፈው መሠረት በዚያ ቀን ጠዋት የተማሪ ቤት ልጆች ተዋጊ አውራ ዶሯቸውን ይዘው ወደ መምህራቸው ይመጣሉ፤ እስከ ምሳ ትምህርት የለም፣ ዶሮ ሲዋጋ ይታያል። ከምሳ በኋላ የከተማው ወጣት ሜዳ ይወጣል፤ የየተማሪ ቤቱ ልጆች የራሳቸው ኳስ አላቸው፣ የየሙያው ሠራተኞችም እንዲሁ። ሽማግሌዎቹ በፈረስ መጥተው ዳር ይቆማሉ፣ ሲያዩም ወጣትነታቸው ይመለስባቸዋል። ዲያቆኑ አንድ ነገር ጨመረ፦ ጾም የሚያውቅ ሰው የቅበላን ደስታ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ይህን ሳነብ ያ ሜዳ ቀረበኝ።

8ኛው ላይ ነገሩ ተጋጋለ። አንድ ወንድም ካምቡካ የተባለው በቆልማማ ዱላ የሚመታ ኳስ መሆኑን አንብቦ፣ ይህ የእኛ ገና ነው፣ እንግሊዞች ከኢትዮጵያ ወስደውት ነው ብሎ ደመደመ። 9ኛው አጨበጨበ። 10ኛው በየት መንገድ ወሰዱት፣ ማን አመጣው ብሎ ማስረጃ ጠየቀ። 11ኛው በእርጋታ አስረዳ፦ በግብፅ ቤኒ ሐሰን በሚገኝ፣ ዕድሜው 4,000 ዓመት በሚጠጋ መቃብር ግድግዳ ላይ ሁለት ሰዎች ቆልማማ ዱላ አጋጥመው ተሥለዋል፤ በአቴና የተገኘ ከክርስቶስ ልደት 500 ዓመት በፊት ገደማ የሆነ የድንጋይ ቅርጽም እንዲሁ ያሳያል። ጫፉ የታጠፈ እንጨትና ክብ ነገር በአንድ ሜዳ ከተገናኙ፣ ጨዋታው ማንም ሳያስተምረው ይወለዳል። 12ኛው ግን ከረረ፤ 8ኛውን በአላዋቂነት ወረፈ፤ 8ኛውም ተመልሶ አገርህን ትንቃለህ አለው። 13ኛው መልስ የአንድ አባት ነበር። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚለውን አምጥተው ሁለቱንም ገሠጹ፤ ሜዳ ላይ ጌታና ሎሌ ሚና ለይተው በአንድ ሩር ሲጋጩ ቂም እንደማይያዝ እያስታወሱ፣ ስለ ጨዋታ ስናወራ መጣላታችን አሳዘነኝ አሉ። ሁለቱም ይቅርታ ጻፉ።

እዚህ ላይ የእኔን ልናገር። መመሳሰል ዝምድና አይደለም፤ 11ኛው ልክ ነው። ግን 8ኛውን ወንድም ያነሣሣው ስሜት ይገባኛል። የ1363ን ዝርዝር ሳነብ ካምቡካ ላይ ስደርስ እኔም እጄ ላይ የዱላው ክብደት ተሰምቶኛል። አያቴ ገና የምትሆነውን እንጨት ከጫካ መርጠው፣ እርጥቧን እሳት ላይ እያሞቁ ሲያጥፉ አይቻለሁ። በእንግሊዝ የኬንት ገበሬም እንዲህ አድርጎ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። የገና ጨዋታችን ለመከበር ከማንም መቅደም የለበትም።

14ኛው መልስ ክሩን ሁሉ ያናወጠ ነው። የሕግ ሰው ነው፤ አነጋገሩ ቀዝቃዛና ስለታም ነው። የአዋጅ ዝርዝርን እንደ ምስክር መቀበል ስሕተት ነው አለ። ጸሐፊ አዲስ አዋጅ ሲያወጣ የቀድሞውን አስቀምጦ ይገለብጣል፤ ስለዚህ አንድ ጨዋታ በአምስት አዋጅ ላይ ስሙ መገኘቱ አምስት ጊዜ መታየቱን አያረጋግጥም። 1ኛው መልስ ላይ መምህሩ የተመረኮዙበት መደጋገም የቀለም መደጋገም ሊሆን ይችላል። ሜዳ ላይ በእርግጥ የነበረ ሰው አምጡልኝ፣ ስሙን፣ ቀኑን፣ መንደሩን አለ።

ለአንድ ቀን ዝም ተባለ። ከዚያ 15ኛዋ ሁለት ሰዎች አመጣች። የመጀመሪያው ሄንሪ ነው፣ የዊሊያም ኤሊንግተን ልጅ። በ1280 የሥላሴ በዓል እሑድ፣ በኖርዘምበርላንድ አውራጃ ኡልጋም በተባለ መንደር ከብዙ ሰዎች ጋር ኳስ ይጫወት ነበር። ሲሮጥ ዴቪድ ከሚባል ሰው ጋር ተጋጨ፤ ዴቪድ ወገቡ ላይ የያዘው ቢላዋ ወጋው። ሄንሪ በተከታዩ ዓርብ ሞተ። ሁለተኛው በ1321 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 22ኛ የበደል ፍቺ የሰጡት ዊሊያም ስፖልዲንግ የተባለ በሾልደም የሚኖር የገዳም ካህን ነው። ኳስ ሲመታ፣ ስሙ እንደ እሱ ዊሊያም የሆነ ወዳጁ ሮጦ ተጋጨውና ካህኑ በአፎት ይዞት በነበረው ቢላዋ ወዳጁ ተወጋ፤ በስድስት ቀን ውስጥም ሞተ። ጸሐፊዋ ከዚህ በላይ አልጨመረችም። ስም፣ ቀን፣ መንደር።

16ኛው ለምን ሁሉም ቢላዋ ይይዛል ብሎ ጠየቀ፤ 15ኛዋ መለሰች፦ የሚበላበት ነው፣ ያኔ ሰው ቢላውን ይዞ ነው ማዕድ የሚቀርበው። 14ኛው የሕግ ሰው ተመልሶ መሸነፉን በግልጽ ጻፈ፤ አክብሮቴ ጨመረ። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረብኝ ሌላ ነው። ሄንሪ ባይሞት ኖሮ በዚያ እሑድ መጫወቱን ማንም አያውቅም ነበር። በየእሑዱ ተጫውተው፣ ላባቸውን ጠርገው፣ በሰላም ቤታቸው የገቡት ስንት ነበሩ?

17ኛው ከክልከላም ከሞትም ወጣ። በሆላንድ የሚኖር ግንበኛ ነው፤ እንግሊዝ ሄዶ ካቴድራሎችን ሲጎበኝ በካንተርበሪ፣ በግሎስተርና በሶልዝበሪ በአዕማዱ ሥር ባለው የድንጋይ መደብ ላይ በስለት የተጫሩ ሥዕሎች አየ። አንዱ በሌላው ውስጥ ያሉ ሦስት አራት ማዕዘኖች ናቸው፤ በመሀል ጎናቸው በመስመር ይያያዛሉ። እንግሊዞች ሜረልስ ይሉታል። ለያንዳንዱ ተጫዋች ዘጠኝ ጠጠር፤ ሦስቱን በአንድ መስመር ያሰለፈ ከተቃራኒው አንድ ያነሣል። ሰሌዳ መግዛት አያስፈልግም፣ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ድንጋይ፣ ምስማርና ጠጠር ይበቃል። 18ኛው እሱም ድንጋይ የሚያውቅ ይመስለኛል፤ ከእነዚህ ጭረቶች አንዳንዶቹ በግድግዳ ላይ ቁልቁል ስለሆኑ ጠጠር ሊይዙ እንደማይችሉ ተናገረ። ወይ ድንጋዩ ከሌላ ቦታ ተነሥቶ ዳግም ተገንብቷል፣ ወይ ጭረቱ ለጨዋታ አልነበረም። መደብ ላይ የተጋደሙት ግን ለጨዋታ መሆናቸውን ሁለቱም ተስማሙ። ግንበኛው ምሳ ሰዓት ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠጠር መጫወት ዛሬም በሥራው ቦታ እንዳለ ጽፎ፣ ጭረቱን በጣቱ ሲከተለው የሙያ አባቶቹን እጅ የጨበጠ ያህል እንደተሰማው ተናገረ። ከ19ኛው እስከ 21ኛው ያሉት ስለ ሕጉ ጥያቄዎች ናቸው፤ የሚዘለሉ ናቸው።

22ኛው ቁጣ ነው። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ጨዋታ ማሞገሳችን አስቆጣው። በየመጠጥ ቤቱ የሚንከባለለው ዳይስ፣ በየጎኑ ነጥብ ያለበት የቁማር ጠጠር፣ የድሃን ደመወዝ የበላ ነው፤ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊስ 9ኛ በ1254 መጫወቱን ብቻ ሳይሆን ዳይስ መሥራቱንም የከለከለው ዝም ብሎ አይደለም፤ ክልከላ ሁሉ የድሃ ጠላት ነው የምትለው አንተ ነህ ሲል ወደ እኔ አነጣጠረ። 23ኛው ሉዊስ ከከለከለ 15 ዓመት ሳይሞላ በፓሪስ የሙያ ማኅበራት ደንብ በ1268 አካባቢ ሲጻፍ ዳይስ ሠሪዎች ራሳቸውን የቻሉ ማኅበር ሆነው መመዝገባቸውን አሳየ፤ ደንቡ የሚቀጣው እርሳስ የተሞላበትን ወይም ነጥቡ የተዛባውን የሚሠራ ነው። ይኸው ሰው ከቴምዝ ዳር ስለተገኙ 24 የ15ኛው ክፍለ ዘመን ዳይሶችም ጻፈ። አብዛኞቹ ውስጥ ባዜቃ ጠብ ተደርጎባቸዋል፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ከፍተኛ ቁጥር ብቻ ወይም ዝቅተኛ ቁጥር ብቻ አላቸው። ሁሉም ጎኖች በአንድ ጊዜ ስለማይታዩ ማንም አይነቃም።

24ኛው መልስ ከ22ኛው ሰው ነው፤ ቁጣው ረግቦ ነበር። አባቱ በካርታ ቁማር የእርሻ በሬዎቻቸውን አንድ በአንድ እንዳስበሉ፣ እናቱ የመጨረሻው በሬ ሲነዳ በር ላይ ቆማ እንደነበር ጻፈ። ከዚያ በኋላ ጨዋታ የሚለውን ቃል በቀላሉ መስማት አይችልም። ወዲያው መልስ ጻፍኩለት፣ ይህ 25ኛው ነው፦ ጨዋታንና ቁማርን ለይቼ ባለመጻፌ ይቅርታ ጠየቅኩ። ኳስን በቀስት የለወጠ ንጉሥና ባዜቃ የተሞላ ዳይስን የቀጣ ማኅበር አንድ አይደሉም። በሁለቱ ክልከላዎች መካከል ያለውን ልዩነት ያስተማረኝ እሱ ነው።

26ኛው ካርታ ስለተነሣ የካርታን መንገድ ተረከ። በ1377 በፍሎረንስ ካርታ ሲከለከል ለአውሮፓ ገና አዲስ ነበር፤ የመጣው ማምሉክ የሚባሉ ገዢዎች ከነበሯት ግብፅ ነው። በግብፁ ካርታ ላይ ዋንጫ፣ ሰይፍ፣ ገንዘብና የፖሎ (በፈረስ ላይ ሆኖ ኳስ የሚመታበት ጨዋታ) ዱላ ነበረ። ፖሎ በጣሊያን ስለማይታወቅ ዱላው ተራ በትር ሆኖ ቀረ። 27ኛው ወደ ዛሬዎቹ የስፖርት ውርርድ ቤቶች ወሰደን። ጉዳዩ ከባድ ነው፣ ግን የራሱ ክር ይገባዋል፤ አወያዩም እንዲሁ አለ።

ከዚያ 28ኛዋ ገባች። እስካሁን ካነበብኩት ሁሉ የጠለቀው የእሷ ይመስለኛል። የመነሻ ጽሑፌን ወስዳ በአንድ ጥያቄ ሰነጠቀችው፦ ሴቶቹ የት አሉ? ንጉሡ ጨዋታ የከለከለው ቀስተኛ ስለፈለገ ነው፤ ከሴት ቀስተኛ አልፈለገም፤ ስለዚህ የሴቶችን ጨዋታ መከልከል አላስፈለገውም፤ ስላልከለከለውም አልጻፈውም። አዋጅን የደስታ መዝገብ ካደረግክ የሕዝቡን ግማሽ ከመዝገቡ አወጣህ አለችኝ። ፊትስቲቨን እንኳ ስለ ወንዶቹ ገጽ ሙሉ ጽፎ፣ ስለ ልጃገረዶቹ ጨረቃ እስክትወጣ ይጨፍራሉ ብሎ አለፈ። ደጋግሜ አነበብኩት። መከራከሪያ አላገኘሁም።

29ኛዋ ትንሽ ካሰችን። በ15ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ከትንሣኤ በኋላ ያለው ሁለተኛ ሰኞና ማክሰኞ ሆክታይድ ይባል ነበር፤ በእኛ ብናስበው የዳግም ትንሣኤ ማግሥት ነው። ሴቶቹ በመንገድ ላይ ገመድ ይወጥራሉ፣ የሚያልፈውን ወንድ ይይዙታል፣ ያስሩታል፤ ገንዘብ ከፍሎ ይፈታል። በሌላው ቀን ተራው የወንዶቹ ነው። የተሰበሰበው ለአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ገቢ ይሆናል፤ በአብያተ ክርስቲያናቱ የሒሳብ መዝገብ ላይ ሴቶቹ የሰበሰቡት ብዙ ጊዜ ከወንዶቹ ይበልጣል። በ1450 የዉስተር ጳጳስ ይህን ጨዋታ ከለከሉ። ስለዚህ ከልካይ የጻፈላቸው ሴቶችም አሉ፤ ግን ገመዱን ከያዙት ይልቅ ደምቀው የሚታዩት በሒሳብ መዝገቡ ላይ ናቸው። 30ኛው የካስቲሉ ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ በ1283 በሴቪሊያ ስለ ሰንጠረዥ፣ ስለ ዳይስና ስለ ገበታ ጨዋታዎች ያስጻፈውን መጽሐፍ ጠቀሰ፤ ተቀምጠው የሚጫወቱት ጨዋታ ፈረስ ለማይጋልቡ ሴቶች፣ ለሽማግሌዎችና ለእስረኞች እንደሚጠቅም መግቢያው ይናገራል። 28ኛዋ አመሰገነች፣ ግን አልረካችም፤ የንጉሥ መጽሐፍ ስለ ውኃ ቀጂዋ አይነግረኝም አለች።

31ኛውን ለልጄ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ጸሐፊው በሩሲያ የተማረ መሐንዲስ ነው። የኖቭጎሮድ ከተማ አፈር እርጥብ ስለሆነ እንጨትና ቆዳ አይበሰብስበትም፤ በቁፋሮ ከቆዳ የተሰፋ ኳስ፣ የእንጨት ሰይፍ፣ እሽክርክሪት ወጥቷል። በ1956 ደግሞ ኦንፊም የሚባል ልጅ በበርች ዛፍ ልጣጭ ላይ የጻፈው ተገኘ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ፣ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነው። ፊደል ይለማመዳል፤ መሐንዲሱ እንደገለጸው ተነባቢውን ከአናባቢ እያዛመደ የሚቆጥረው፣ እኛ ሀ ሁ ሂ እንደምንለው ነው። ከዚያ ፊደሉ ሰልችቶት ሥዕል ይጀምራል። በአንዱ ልጣጭ ላይ ፈረሰኛ ሥሎ፣ ጦሩን በወደቀ ጠላት ላይ ሰክቶ፣ ከአጠገቡ ስሙን ጻፈ፤ ፈረሰኛው እሱ ነው። በሌላው ላይ አውሬ ሥሎ እኔ አውሬ ነኝ ብሎ ጽፎበታል። የሣላቸው ሰዎች እጅ እንደ መንሽ ነው፤ የጣቶቹ ቁጥር አንዱ ከሌላው አይገናኝም። ልጄ ሥዕሉን እንድፈልግላት ጠየቀችኝ፤ ስታየው ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ከዚያ የራሷን አውሬ ሣለች።

32ኛው ኦንፊም ከተማ ተወላጅ፣ ፊደል የተማረ ነው፣ ተራ ሰው አይባልም ብሎ አረመ። ተገቢ ነው፤ ከእሱ አጠገብ የወጣው የቆዳ ኳስ ግን የማን እንደሆነ አይናገርም። ከ33ኛው እስከ 35ኛው ወደ አገራችን ዞሩ። በአክሱም ሐውልቶች ሥር ባሉ የድንጋይ መሠረቶች ላይ የተፈለፈሉትን የገበጣ ጉድጓዶች ያነሣው 33ኛው ነው፤ የእኛ ነገሥታት ዜና መዋዕል ጦርነትና ግብር እንጂ የእረኛን ጨዋታ አይጽፍም ሲል 34ኛው አዘነ። 35ኛዋ ግን ለ28ኛዋ መልስ የሚሆን ነገር አመጣች፦ ጉድጓዱን የፈለፈለው እጅ ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል፤ ድንጋይ እንደ ንጉሥ አይለይም።

36ኛው ምስጋና ብቻ ነው። 37ኛው መልስ የመምህሩ ነው፣ 1ኛውን መልስ የጻፉት። በ14ኛው የሕግ ሰው ነቀፋ ላይ ሲያስቡ ሰንብተው፣ መደጋገም ላይ ያላቸውን እምነት በግማሽ እንዳነሡ በጨዋነት ጻፉ።

38ኛው ትናንት ማታ ደረሰ። የለንደኗ እናት ናት፣ 4ኛዋ። ግንበኛው የገለጸውን ሦስቱን ማዕዘኖች በካርቶን ላይ ሥላ ለልጆቿ ሰጠቻቸው፤ አንዱ በባቄላ፣ ሌላው በሽምብራ ተጫወቱ። ታናሹ ጠጠሮቹ ተበልተው ሦስት ብቻ ሲቀሩት ወደ አጠገቡ ነጥብ ብቻ መሄድ አልበቃ አለው፤ መዝለል ይፈቀድልኝ ብሎ አለቀሰ። ታላቁ አይቻልም አለ። እናትየው ሕጉ ምን ይላል ብላ ወደ መድረኩ መጣች። ዛሬ ጠዋት መለስኩላት፦ ሦስት የቀረው ሰው ወደፈለገው ባዶ ነጥብ እንዲዘል የሚፈቅዱ አሉ፣ የማይፈቅዱም አሉ፤ ጨዋታው ሳይጀመር መስማማት ነው። እስኪስማሙ ድረስ ግን ታናሹ ይዝለል።